ንብና ተርብ ሲነድፍ፣ ቢምቢና ቁንጫ ሲበላ እናንተ ቤት ምን ቅጠል ይቀባል?

የሰበታዋ እናት

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ? ጥያቄ ይዤ ነው የመጣሁት።

ቅዳሜ ዕለት የአምስት ዓመት ልጄ ጓሮ ሲጫወት ተርብ እጁን ነደፈው። ጩኸቱን ሰምተው ጎረቤቶቼ ግር ብለው መጡ። አንዷ ነጭ ሽንኩርት ወቅጠሽ እሰሪለት አለችኝ። ሌላዋ ጤና አዳም እሺው አለች። አማቴ ጭቃ ለጥፊበት አሉ። የጎረቤት ልጅ የጥርስ ሳሙና ይዞ ሮጦ መጣ። እኔ በቀዝቃዛ ውሃ አጥቤ፣ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬለት ጠበቅኩ። እጁ እስከ አንጓው አብጦ አደረ። አሁን እብጠቱ ጎድሏል። ማሳከኩ ነው ያልተወው።

ጓሮዬ ውስጥ ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ እሬትና ጠጅ ሳር አለኝ። ቅጠል የምንቅ ሰው አይደለሁም። እናቴም በዳማከሴና በፌጦ ነው ያሳደገችን። ግን አራት ሰው አራት ነገር ሲለኝ የቱን ልያዝ? የትኛው ለምን እንደሚሆን፣ የትኛው ደግሞ ልጅ ላይ መደረግ እንደሌለበት የምታውቁ ንገሩኝ። ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ቢምቢውም ቁንጫውም አላስቀመጠንም።

ቀፎ ሰቃይ ከዳንግላ

እህቴ፣ ልጁን እንኳን ተሻለው።

እኔ ንብ አናቢ ነኝ። ከአባቴ የወረስኩት ሥራ ነው። በንብ መነደፍ ለእኛ የሥራችን አንዱ ክፍል ስለሆነ ከቅጠሉ በፊት ያለውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ የነደፈው ንብ ነው ወይስ ተርብ? ብዙ ሰው አይለየውም። ንብ መንደፊያዋን ቆዳ ውስጥ ትታ ነው የምትሄደው። ጠጋ ብለሽ ካየሽ ትንሽ ጥቁር እሾህ ትታይሻለች። ከላይዋ ላይ ነጣ ያለች፣ ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ ከረጢት ተንጠልጥላለች። መርዙ ያለው እሷ ውስጥ ነው። ንቧ ሄዳ ሞታም ከረጢቷ እየተኮማተረች መርዙን ወደ ውስጥ መግፋቷን ትቀጥላለች። ስለዚህ ቅጠል ልቁረጥ ብሎ ወደ ጓሮ መሮጥ ጊዜ ማባከን ነው። መጀመሪያ መንደፊያዋን ማውጣት ነው። በጥፍርም ይሁን በመታወቂያ ጠርዝ፣ በምንም ቢሆን ግድ የለም። ዋናው ቶሎ መውጣቷ ነው። ተርብ ግን መንደፊያውን አይጥልም። አንዱ ተርብ ደጋግሞ ሊነድፍ ይችላል።

ሁለተኛው ከቦታው መራቅ ነው። ንብ ስትነድፍ ሽታ ትለቃለች። ሽታው ሙዝ ሙዝ ይላል። ሌሎቹን የሚጠራቸው እሱ ነው። በዚህ ምክንያት አባቴ ሙዝ በልቶ ቀፎ ጋ የሚጠጋ ሰው አይወድም ነበር። እኛ የተነደፈውን ቦታና ልብሱን በኩበት ጭስ እናጥነዋለን። ጭሱ ሽታውን ስለሚሸፍነው ሌሎቹ ይረጋጋሉ። ብዙ ንብ ከተነሳ እጅ ማወራጨት አያዋጣም። ፊትን ሸፍኖ ሮጦ ቤት ገብቶ በር መዝጋት ነው። ውሃ ውስጥ ገብቼ አመልጣለሁ ማለትም አያዛልቅም፤ ብቅ እስክትል ጠብቀው ይነድፉሃል።

ወደ ቅጠሉ ስመጣ፣ እኛ ዘንድ መንደፊያዋ ከወጣች በኋላ ቀይ ሽንኩርት ለሁለት ተሰንጥቆ ቦታው ይታሻል። ዳማከሴ ካለም በእጅ ታሽቶ ጭማቂው ይቀባል። ሁለቱም ማቃጠሉን ያበርዱልኛል። ማር የምንቆርጠው ማታ ስለሆነ ሽንኩርቱንም ዳማከሴውንም አስቀድመን ይዘን ነው የምንወጣው።

ሲስተር ከጅማ

ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ወንድሜ ከዳንግላ ያለው ትክክል ነው፤ በተለይ መንደፊያዋን ቶሎ ስለማውጣት።

እኔ የማክልበት አንድ ዋና ነገር አለ። መርዙ የሚገባው ከቆዳ በታች ነው። ከላይ የሚቀባ ነገር፣ ቅጠልም ይሁን ኮምጣጤ ወይም የጥርስ ሳሙና፣ እዚያ ድረስ ገብቶ መርዙን አያረክሰውም። ቅጠሉ የሚያግዘው ማቃጠሉን፣ ማሳከኩንና እብጠቱን ለማስታገስ ነው። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ልጅ እያከከ ቆዳውን ሲልጠው ነው ቁስሉ የሚያመረቅዘው። ግን ማስታገሻን ማርከሻ ብሎ ማመን ሰው ይገድላል። ይህን የምለው ጤና ጣቢያ በራፍ ላይ ዘግይተው የደረሱ ሰዎችን ስላየሁ ነው።

የልጅሽ እጅ እስከ አንጓ ማበጡ የተለመደ ነው። እብጠቱ እስከ ሁለት ቀን ሊጨምር ይችላል፣ ከዚያ በሳምንት ውስጥ ይጠፋል። እጅ ሲነደፍ ቀለበት፣ አምባር ወይም ክር ካለ ሳያብጥ ይውለቅ። አንገት ላይ ከሆነ ማተቡን ላላ አድርጉት።

የሚያስፈራው ሌላ ነው። ከተነደፈበት ቦታ ውጭ ሰውነቱ ሁሉ ሽፍ ካለ፣ ከንፈሩ ወይም ምላሱ ካበጠ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ካዞረው ወይም ካስመለሰው አንድም ቅጠል አትፈልጉ። ይህ የሰውነት ቁጣ ነው። መድኃኒቱ አድሬናሊን መርፌ ነው፣ ጭኑ ላይ የሚወጋ። ነገሩ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። በጀርባው አስተኝታችሁ፣ እግሩን ከፍ አድርጋችሁ፣ መኪና ፈልጉ። ትንፋሽ ካጠረው ግን ደገፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። በአፉ ምንም አትስጡት፤ የቅጠል ጭማቂም ቢሆን። አፍ ውስጥ ወይም ጉሮሮ የተነደፈ ሰው፣ ብዙ ንብ በአንዴ የወረረው ሰውም እንደዚሁ በቀጥታ ወደ ሕክምና ነው መሄድ ያለበት።

የጭቃውን ነገር እባካችሁ ተዉት። አማትሽን በትህትና አስረጃቸው። አፈርና እበት ውስጥ የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም አለ። የተበሳ ቆዳ ላይ አይለጠፍም።

ለማሳከኩ ከፋርማሲ ካላሚን ሎሽን ይገኛል። ሴትሪዚንም አለ፤ ለልጅ ግን መጠኑን ፋርማሲስቱ በዕድሜው ይንገርሽ።

የአባቶች ልጅ

ሁልጊዜ ቅጠል ሲነሳ ሐኪም ቤት ሂዱ ትላላችሁ። አያቶቻችን በየትኛው ሐኪም ቤት ነው የኖሩት? እኔ ያደግኩበት አገር ጤና ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ ነበር። ሰው የዳነው በዛፍና በቅጠል ነው። እውቀቱ ሊጠፋ ነው፤ የሚያውቁት ሽማግሌዎች እያለቁብን ነው። እሱን ከመሰብሰብ ይልቅ ማጣጣሉ ያሳዝነኛል።

መምህር፣ የእጽዋት ሰው

ወንድሜ የአባቶች ልጅ፣ ቁጭትህ የእኔም ቁጭት ነው። ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼን ከአያቶቻቸው የቅጠል ስም እያስመጣሁ ነው የማስተምረው። ግን ማክበርና መፈተን አይጣሉም።

ዶክተር አክሊሉ ለማን አስታውስ። በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች በኩል ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። በሽታውን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እንዶድን አገሩ ሁሉ ለልብስ ማጠቢያ ያውቀው ነበር። እሳቸው ግን ቆም ብለው የቱ ክፍሉ፣ በምን ያህል መጠን፣ ምኑን ይገድላል ብለው ጠየቁ። ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓመታት ሠሩበት፣ በ1989ም ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አብረው ተቀበሉ። እኔ የምመኘው ይህን ዓይነቱን መንገድ ነው።

አሁን ወደ እህታችን ጓሮ ልግባ።

ዳማከሴ፦ ለምች ሁላችንም እናውቀዋለን። እንስሳት ላይ በተደረገ ሙከራ ትኩሳትና እብጠት የመቀነስ ኃይል ታይቶበታል። ቅጠሉን በንጹህ ውሃ አጥበሽ፣ በንጹህ እጅ አሽተሽ ጭማቂውን መቀባት ነው። ያልተላጠ ቆዳ ላይ ብቻ ይሁን።

እሬት፦ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ቅጠሉን ስትቆርጪው መጀመሪያ የሚወርደው ቢጫ፣ መራራ ውሃ ነው። እናቶች ጡት ለማስጣል የሚቀቡት ያ መራራው ነው። እሱ ቆዳ ያስቆጣል። የተቆረጠውን ቅጠል አቁመሽ ቢጫው ጠብ ጠብ ብሎ እስኪያልቅ ጠብቂ። ከዚያ አጥበሽ፣ ቆዳውን ልጠሽ፣ ውስጡ ያለውን ጥርት ያለ ዝልግልግ ነገር ነው የምትቀቢው። ለማሳከክ ጥሩ ነው። ቅዝቃዜው ራሱ ያሳርፋል። መጀመሪያ ክንድ ላይ ትንሽ ሞክሪና ካላቀላው ቀጥዪ። የአገራችን የዱር እሬቶች ብዙ ዓይነት ናቸው፣ በሎሽን ላይ ስሙ ከሚጻፈው እሬት ጋርም አንድ አይደሉም። ስለዚህ ከገደል የተነቀለውን ሁሉ ልጅ ላይ አትቀቢ።

ጤና አዳም፦ በጣም የምጠነቀቀው በእሱ ነው። ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ከነካው ቆዳውን ያቃጥላል። ወዲያው አይታወቅም፤ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ነው ውሃ የቋጠረው። ሲድንም ጥቁር ምልክት ለወራት ይተዋል። ሎሚም እንዲሁ ያደርጋል። ቡና ውስጥ ጣል ማድረግ ሌላ፣ ቆዳ ላይ አሽቶ ልጅን ፀሐይ ላይ መልቀቅ ሌላ።

ነጭ ሽንኩርት፦ ወቅጦ ማሰር አይሆንም። ለሰዓታት ታስሮ ከቆየ እንደ እሳት ይልጣል፤ የልጅ ቆዳ ላይ ደግሞ ይብሳል። የተወቀጠ ፌጦም ቆይቶ ቆዳ ያቃጥላል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ቅንጭብና ቁልቋል ነው። ነጭ ወተቱን ንድፊያ ላይ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። ያ ወተት ቆዳ ይልጣል። እጅህን ሳትታጠብ ዓይንህን ከነካህ ዓይንህን ልታጣ ትችላለህ። ለምንም ዓይነት ንድፊያ አይሆንም።

አበሻ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መምህር ስለ ጤና አዳም የተናገሩትን እኔ ምስክር ነኝ። እዚህ ሜሪላንድ ግቢያችን ውስጥ ጤና አዳም አለን። ወንድሜ በሐምሌ ሙቀት እጅጌ የሌለው ቲሸርት ለብሶ ሲከረክመው ዋለ። በሁለተኛው ቀን ክንዱ ላይ እንደ ጅራፍ ምልክት የተጋደሙ መስመሮች ወጡ፣ ከዚያ ውሃ ቋጠሩ። ነፍሳት ነው የበላው ብለን ስንቀባው ሰነበትን። የቆዳ ሐኪሟ ነች ጠይቃ ጠይቃ ከጤና አዳሙ ጋር ያገናኘችው። ጥቁር ምልክቱ እስከ ገና አልጠፋም።

ጥያቄም አለኝ። እዚህ መዥገር ብዙ ነው። አገር ቤት ከብት ላይ ሲጣበቅ ጋዝ ወይም ቅቤ ቀብተን ነበር የምናስለቅቀው። ሰው ላይ ይሆናል?

ሲስተር ከጅማ

አይሆንም፣ ወንድሜ። ጋዝ፣ ቅቤ ወይም እሳት ሲነካው መዥገሩ ይጨነቅና በሆዱ ያለውን ወደ ቁስሉ ሊመልሰው ይችላል። በቀጭን ወረንጦ አፉ ቆዳ ላይ ከገባበት አጠገብ ያዘው። ሳታጣምም፣ ሆዱን ሳትጨምቅ ቀጥ አድርገህ ቀስ ብለህ ሳበው። ከዚያ ቦታውን በሳሙና እጠበው። እናንተ ባላችሁበት አገር መዥገር ላይም የሚባል በሽታ ያስተላልፋል። በቀጣዮቹ ሳምንታት ቦታው ላይ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ከወጣ ወይም ትኩሳት ከመጣ ለሐኪም ንገር። ቀደም ብሎ ከተያዘ በአንቲባዮቲክ ይድናል።

እትዬ ከወረኢሉ

ልጆች፣ እንዴት ናችሁ። የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ።

እናንተ ሁላችሁ ከተነደፈ በኋላ ስላለው ነው የምታወሩት። እኛ እናቶቻችን ያስተማሩን እንዳይነደፍ ማድረግ ነው። ቤት ካልጸዳና ካልታጠነ ቁንጫ ይወልዳል። በኛ አገር ጥንጁት ነው ዋናው። ዕቃ የሚታጠንበት ጥንጁት፣ የጠላ ጋኑና የወተት ዕቃው የሚታጠንበት ማለቴ ነው። እርጥቡን ቀጥፈን ወለሉን እንጠርግበታለን። ደረቁን ደግሞ ሰው ከቤት ወጥቶ፣ ከብቱም ወጥቶ፣ በሩ ተዘግቶ እናጨሰዋለን። ከዚያ ተከፍቶ ይናፈሳል። ቁርበቱም ብርድ ልብሱም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ በዱላ ተመትቶ ነው የሚገባ። ወለሉ በእበት ተለቅልቆ ስንጥቁ ይደፈናል፤ ቁንጫዋ እንቁላሏን የምትጥለው ስንጥቅ ውስጥ ነውና። የባሕር ዛፍ ቅጠልም ከመኝታ በታች ይነጠፋል።

ትኋን ግን በቅጠል ብቻ አይወጣም። አልጋው ተፈትቶ የፈላ ውሃ በየመገጣጠሚያው ይፈስሳል። እሱም በሳምንቱ ይደገማል።

ሲስተር ከጅማ

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልን። ሰው ወጥቶ፣ ታጥኖ፣ ከዚያ ይናፈሳል ያሉትን ሁሉም ሰው ልብ ይበልልኝ። አሁን ከተማ ውስጥ የማየው ሌላ ነው። ሕፃኑ ተኝቶ ክፍሉ ተዘግቶ ይታጠናል። አስም ላለበት ልጅና ለአራስ ቤት ይህ በጣም ከባድ ነው። ጭስ ያው ጭስ ነው፤ የጥንጁትም ይሁን የወይራ ሳንባን ያውካል።

የድሬ ልጅ

ሰላም ከድሬዳዋ! እኛ ጋ ኒም የሌለበት ሰፈር የለም ማለት ይቻላል። ማታ ማታ ደረቅ ቅጠሉን በረንዳ ላይ በከሰል እናጨሰዋለን፣ ቢምቢው ይቀንሳል። ቅጠሉን ቀቅለው ባቀዘቀዙት ውሃ የሚያሳክካቸውን ልጆች የሚያጥቡ እናቶችም አሉ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ የኒም ዘይት ለሕፃን በአፍ አይሰጥም። መርዝ ነው።

እዚህ ወባ ላይ አዲስ ጣጣ መጥቶብናል። ድሮ የወባ ትንኝ ረግረግ ውስጥ ነው የምትራባው ይባል ነበር። አሁን ስቴፈንሲ የምትባል ዝርያ ገብታለች። መጀመሪያ በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቀብሪደሃር ላይ ነው የተገኘችው። እሷ የምትወደው የከተማ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው፤ በርሜል፣ ታንከር፣ የግንባታ ጉድጓድ። በ2022 እኛ ጋ ወባ በበጋው ሲነሳ የእሷ እጅ እንዳለበት ተረጋግጧል። ስለዚህ ኒም ከማጨሳችሁ በፊት በርሜላችሁን ክደኑ።

ጊንጥም እኛ ጋ አለ። ሽማግሌዎቹ ቦታውን በምላጭ በጥተው ይመጥጣሉ፣ ወይ ከላይ በገመድ ያስራሉ፣ ጥቁር ድንጋይ የሚለጥፉም አሉ። ሲስተር፣ እስቲ እዚህ ላይ ተናገሪ።

ሲስተር ከጅማ

መብጣት፣ መምጠጥና ማሰር ይቅር። ምላጩ ሌላ በሽታ ያመጣል፣ ገመዱ ደም አግዶ እግር ያሳጣል። ጥቁሩ ድንጋይም መርዝ አይስብም። ጊንጥ የነደፈውን ሰው አረጋጉት። እጁን ወይም እግሩን አታንቀሳቅሱበት። ቦታውን እጠቡት፣ ቀዝቃዛ ነገር አድርጉበት። ትልቅ ሰው ሆኖ ሕመሙ እዚያው ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ የሕመም ማስታገሻ ይበቃው ይሆናል። ልጅ ከሆነ ግን አትጠብቁ፣ ወዲያው አምጡት። ካላበው፣ ምራቁ ከተዝረበረበ፣ ካስመለሰው፣ ልቡ በኃይል ከመታ ልቡና ሳንባው አደጋ ላይ ናቸው። ሌሊት ጫማ ሳታራግፉ እግር አታስገቡ። ቆላ ያደገ ሰው ይህን ያውቃል፣ ከደጋ የሚሄደው ነው የሚረሳው።

የሰሊጥ ሠራተኛ

ስለ ሁመራና መተማ ማንም አላነሳም። እኔ በአረምና በአጨዳ ወቅት ስመላለስ የኖርኩ ሰው ነኝ። እዚያ የአሸዋ ዝንብ አለች። ከቢምቢ በጣም ታንሳለች፣ ድምፅም የላት። የዋልካው መሬት ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ውስጥ፣ የግራር ሥርም ትውላለች። ቀኑን ስንለፋ ውለን ማታ ግራር ሥር ሜዳ ላይ ነው የምንተኛው። ንክሻዋ ምንም አይመስልም፤ ማንም ቅጠል አይፈልግለትም። ከወራት በኋላ ነው ካላዛር ሆኖ የሚመጣው። ሳምንታት የሚቆይ ትኩሳት፣ መክሳት፣ በግራ ጎን ሆድ ማበጥ። ወባ ነው እየተባለ የስንት ጓደኞቼ ጊዜ አለፈ። ወደዚያ የምትወርዱ ወንድሞቼ፣ ከምንም በፊት አጎበር ያዙ። ቀዳዳው ጠበብ ያለ፣ መድኃኒት የተነከረ ይሁን።

መምህር፣ የእጽዋት ሰው

ወንድሜ፣ ይህን ማንሳትህ ትልቅ ነገር ነው። በደጋውም ሌላ ዓይነት አለ። ቁንጭር ይሉታል። እሱንም የአሸዋ ዝንብ ነች የምታመጣው፣ ሽኮኮ በሚኖርበት ገደላማ አገር። ፊት ላይ ብጉር መስሎ ይነሳና ለወራት አይድንም። አፍንጫና ከንፈር ሊበላ ይችላል። እሱ ላይ የሚያቃጥል ቅጠል እየተደረገ ጠባሳው የከፋ ብዙ ሰው አይቻለሁ። የነፍሳት ንክሻ የመሰለ ቁስል ከወር በላይ ካልዳነ ቅጠሉን ትቶ መመርመር ነው።

ጥያቄ ያላት

ይቅርታ፣ እግረ መንገዴን። ባለቤቴን ከትናንት ወዲያ ሌሊት ሸረሪት ሳይሆን አይቀርም፣ ጀርባው ላይ ነካው። በአንድ ጎን ብቻ ከጀርባ ወደ ሆድ የዞረ ቀይ ሽፍታ ነው። ትንንሽ ውሃ የቋጠሩ ነገሮች አሉት። ማቃጠሉ አላስተኛውም። ሰፈራችን ያሉ አንድ ሴት ቅጠል በቅቤ ለውሰው ሊቀቡለት ነው። ምን ትላላችሁ?

ሲስተር ከጅማ

እህቴ፣ ይህ የነፍሳት ሥራ አይመስለኝም። በአንድ ጎን ብቻ እንደ መቀነት የሚዞር፣ ውሃ የቋጠረ፣ የሚያቃጥል ከሆነ አልማዝ ባለጭራን ነው የሚመስለው። በልጅነት የያዘው የጉድፍ ቫይረስ ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ሲነሳ ነው የሚመጣው። ሸረሪት ሸናችበት እየተባለ ነው ሰው ሁሉ የሚዘገየው። መድኃኒት አለው። ሽፍታው ከወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው ይበልጥ የሚሠራው። ዛሬውኑ ውሰጂው። ነገ አትበይ። ቅቤውም ቅጠሉም ይቅር። ዓይኑ አካባቢ ከመጣ ደግሞ የባሰ አስቸኳይ ነው።

ጥያቄ ያላት

እግዚአብሔር ይስጥሽ። አሁን እየወጣን ነው።

የአባቶች ልጅ

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። መምህር፣ ስለ ዶክተር አክሊሉ የጻፍከው ልክ ነው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ ይጠና። አያቴ ግራዋ ቀቅላ ቁንጫ የበላንን ልጆች ታጥበን ነበር፣ ማሳከኩ ያቆምልን ነበር። እሱስ እንዴት ነው?

መምህር፣ የእጽዋት ሰው

ለመታጠቢያ ከሆነ የምጠላው ነገር የለም፤ ተቀቅሎ፣ በርዶ፣ ተጣርቶ። ቁስል ካለ ግን አይሁን። እባክህ የአያትህን ሁሉ ጻፈው፤ የትኛው ቅጠል፣ ለምን፣ የቱ ክፍሉ፣ እንዴት ተዘጋጅቶ። አንዱን ቅርንጫፍ በጋዜጣ መሐል ተጭነህ አድርቀህ አስቀምጥ፤ አበባው ያለበት ቢሆን ይመረጣል። የቅጠል ስም ከወረዳ ወረዳ ይለያያል። ናሙናው ካለ ግን ማንም የዕጽዋት ባለሙያ ያውቀዋል።

የሰበታዋ እናት

ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። እሬቱን መምህር እንዳሉት ቢጫውን አፍስሼ ዛሬ ቀባሁለት፣ አሁን ተኝቷል። ጤና አዳሙን ልጆቹ ከሚጫወቱበት ወደ አጥሩ ጥግ አዛውሬዋለሁ። አማቴም የጭቃውን ነገር ሰምተው ተቀብለውኛል።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። አንደኛ፣ ጠጅ ሳር መትከሉ ብቻውን ቢምቢ ያባርራል? ሁለተኛ፣ ተርቦቹ ጎጆአቸውን የሠሩት ጣሪያ ክፈፍ ሥር ነው፤ ልጄ ከሚጫወትበት በላይ። ምን ላድርገው?

መምህር፣ የእጽዋት ሰው

ተተክሎ ዝም ብሎ የቆመ ጠጅ ሳር አያባርርም። ሽታው የሚወጣው ቅጠሉ ሲታሽ ነው፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ይጠፋል። ማታ በረንዳ ላይ ስትቀመጪ አሽተሽ እግርሽን መቀባት ትችያለሽ፣ ግን ቶሎ ቶሎ መደገም አለበት። ከዕጽዋት የሚገኝ ረዘም ላለ ሰዓት የሚሠራ ከፈለግሽ፣ ሎሚ ሎሚ ከሚሸተው ባሕር ዛፍ የሚዘጋጅ ቅባት አለ። እሱም ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይቀባም። ንጹህ የባሕር ዛፍ ዘይት ደግሞ ሕፃናት አፍንጫ ሥር እንዳይደረግ፤ ትንፋሽ ያሳጥራል። ለሌሊቱ አጎበር ነው።

ቀፎ ሰቃይ ከዳንግላ

የተርቡን እኔ ልመልስ። ልጁ የሚጫወትበት ላይ ካልሆነ ብትተዪው ይሻልሽ ነበር፤ ተርብ አባ ጨጓሬና ትል እየለቀመ ጎመንሽን ይጠብቅልሻል። አሁን ግን ከልጁ ራስ በላይ ስለሆነ ይነሳ። ቀን ላይ አትንኩት። ሲመሽና ሲበርድ ሁሉም ጎጆው ላይ ተሰብስበው ይደነዝዛሉ። ያን ጊዜ ሰውነቱን በደንብ የሸፈነ ትልቅ ሰው በረዥም እንጨት ጫፍ የኩበት ጭስ ያስጠጋበት። ሲረግቡ ጎጆውን ፍቆ ያውርደው። ቤንዚንና ችቦ እንዳትሞክሩ፤ ክፈፉ እንጨት ነው፣ ቤት ይቃጠላል። ጎጆው ከእጅ መዳፍ ከበለጠ ወይም ከመካከላችሁ አንዱ ድሮ ተነድፎ ሰውነቱ የተቆጣ ከሆነ እናንተ አትንኩት። አካባቢያችሁ ንብ አናቢ አይጠፋም፤ እሱን ጥሩ። ከወረደ በኋላ የነበረበትን ቦታ በሳሙና እጠቡት፣ ካልሆነ እዚያው ተመልሰው ይሠራሉ።

የሰበታዋ እናት

ከመዳፍ ያንሳል። ነገ ማታ ባለቤቴ ሲገባ እናወርደዋለን፤ እስከዚያ ልጁን በወዲያኛው በር ነው የማስወጣው። እትዬ ከወረኢሉ፣ ጥንጁት ሰበታ አካባቢ አላየሁም፤ ከየት ላግኝ?

እትዬ ከወረኢሉ

ልጄ፣ ደረቁን ገበያ ላይ እጣንና ወይራ የሚሸጡትን ጠይቂ፣ አያጡትም። እርጥቡን ከፈለግሽ ግን ድንጋያማና ደረቅ ቦታ ነው የሚወደው። የልጅ ልጄ ለጥቅምት ወደ አዲስ አበባ ትመጣለች፣ ዘሩን እልክልሻለሁ። አድራሻሽን በግል ጻፊላት።